የተነቀሰ ድድ፣ ምራቅ እና ማይክሮ አርኤንኤ

ደሴ ላይ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ቁጭ ብላችሁ የሚገባውን ሰው ብትጠይቁ፣ ብዙው የመጣው ሊያስነቅል ነው። ጥርሱ ተነቃንቋል፣ ማኘክ አቅቶታል፣ ሌሊቱን አላስተኛውም። ይነቀልለትና ይገላገላል። ድዱ መድማት የጀመረው ግን ከዓመታት በፊት ነው። ጠዋት ሲፋቅ መፋቂያው ላይ ደም ያያል፣ እንትፍ ይላል፣ ተጉመጥምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከጣታችን በየቀኑ እንዲህ ደም ቢወጣ ስንቱን ሐኪም ባዳረስን! የድድ ደም ሲሆን ግን ሁላችንም ጆሮ ዳባ ልበስ።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩን የማየው ከናሙናው ቱቦ በኩል ነው። ሰሞኑን ስለ ድድ በሽታና ማይክሮ አርኤንኤ ስለሚባሉት ሞለኪውሎች የወጡ ጥናቶችን ሳገላብጥ ሰንብቼ፣ ግማሹ ደስ ብሎኝ ግማሹ ደግሞ «እስቲ ቀስ በሉ» አሰኝቶኝ ነው ይህን መጻፌ። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። እነዚህን ሞለኪውሎች ምራቅ ውስጥ ለክቶ የድድ በሽታን የማወቅ ምርመራ አንድ ቀን ከተሳካ፣ ከማንም በላይ የሚጠቅመው የጥርስ ሐኪም እንደ ልብ ለማይገኝበት እንደኛ ላለው አገር ነው። ዛሬ ግን ገና ነው። «በምራቅዎ የድድዎን ዕጣ እንነግርዎታለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ያዝ አድርጉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የድድ በሽታ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ጂንጂቫይትስ ነው፤ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። ይኼኛው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ አንድ ዝነኛ የዴንማርክ ጥናት ላይ ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት አቆሙ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በቀናት ውስጥ ዳነ። ሁለተኛው ፔሪዮዶንታይትስ ይባላል። እዚህ ላይ ብግነቱ፣ ማለትም የድዱ መቆጣትና ማበጥ፣ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያሰረውን ጅማት ይበጥሳል፣ አጥንቱን ራሱን ይበላል። የተበላ አጥንት ደግሞ በመቦረሽ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባዱ የድድ በሽታ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ይዟል።

የሚገርመው ደግሞ አጥንቱን በዋናነት የሚያስበላው ባክቴሪያው ራሱ አለመሆኑ ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ነገር ይጭራሉ። አብዛኛውን ጥፋት የሚያደርሰው ግን እነሱን ለማባረር ወጥቶ መመለሻው የጠፋው የራሳችን የመከላከያ ሥርዓት ነው። ለዚህ ነው አፋቸው እኩል የቆሸሸ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከነጥርሱ ሲያረጅ ሌላው በአርባ ዓመቱ በድዱ የሚቀረው። ስኳር በሽታና ሲጋራ ደግሞ ያባብሱታል።

አሁን ሐኪሙ ይህን እንዴት ያውቃል? የሚሊሜትር ምልክት ባለበት ቀጭን ብረት ነው። ብረቱን በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባና ምን ያህል እንደሚወርድ ያነባል። በየጥርሱ ዙሪያ ስድስት ቦታ። እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ብዙ አያሰጋም፤ ከ4 ጀምሮ ግን ኪስ ተፈጥሯል ማለት ነው። ደም መጣ አልመጣም ብሎም ያያል፣ ራጅ ያስነሳል። ርካሽ ነው፣ መብራት አይጠይቅም፣ የረቀቀ ነገር የለውም፣ ደግሞም ይሠራል።

ችግሩ ብረቱ የሚያወራው ስላለፈው ነው። 6 ሚሊሜትር ኪስ ማለት እዚህ ቦታ ጥፋት ደርሷል ማለት ነው እንጂ አሁን እየደረሰ ነው ማለት አይደለም። ሁለት ሰው እኩል 6 ሚሊሜትር ይኖረውና የአንዱ ከአምስት ዓመት በፊት በርዶ የቆመ፣ የሌላው ዛሬም አጥንት እየበላ ያለ ሊሆን ይችላል። ራጁም እንደዚያው ነው፤ የጎደለውን አጥንት ያሳያል እንጂ መቼ እንደጎደለ አይነግርም። ደም መኖሩ ትንሽ ይረዳል፣ ግን የደማ ቦታ ሁሉ አጥንት አያጣም። እንዲያውም ደም አለመኖሩ ነው ይበልጥ የሚታመነው፤ የማይደማ ድድ ብዙውን ጊዜ የተረጋጋ ነው። አጫሽ ካልሆነ በስተቀር። የአጫሽ ድድ በሽታው እያለበትም ደም ይቆጥባል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አገር አንድ ነገር ላንሳ። ወሎ ውስጥ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ እናቶች ፈገግ ሲሉ አይታችኋል፤ ድዳቸው ጥቁር ወይ ሰማያዊ ነው። ንቅሳት በሉት ውቅራት፣ በልጅነታቸው በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ጥላሸት የገባበት ነው። ውበት ነው፤ ጥርሱን በረዶ ያስመስለዋል። ድድ ያጠነክራል ብለው የሚያምኑም ብዙ ናቸው። ሐይቅ ያለችውን አክስቴን «ድድሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ ወይ?» አልኳት።

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ የእኔ ድድ ምን ይሆናል? ይኸው እንደ ተነቀስኩት ጥቁር ነው» አለችና ከንፈሯን ገልጣ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ ጥቁር ነው። ግን ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። የድድ መቆጣት የመጀመሪያ ምልክቱ መቅላት ነው፣ የተነቀሰ ድድ ደግሞ ቀልቶም አይታይ። በዓይን የሚያይ ሰው፣ ራሷም መስታወት ፊት ቆማ ብታይ፣ ያ ምልክት ከጥላሸቱ ሥር ተቀብሯል። ብረቱና ደሙ ብቻ ይቀራሉ። ስለ ምራቅ ምርመራ ሳነብ ይህ ነገር ነው ከአእምሮዬ ያልወጣው። ምራቅ የድዱን ቀለም አያይማ!

ወደ ማይክሮ አርኤንኤ ልሂድ። የሴላችን ዲኤንኤ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በመልእክተኛ አርኤንኤ ነው፤ መልእክቱ ተነቦ ፕሮቲን ይሠራል። ማይክሮ አርኤንኤ ደግሞ 22 ፊደል ገደማ ርዝመት ያላት ቁራጭ ናት፤ ራሷ ፕሮቲን አትሠራም። ሥራዋ ከሌላው መልእክት ጫፍ ላይ ሄዳ መለጠፍና «ይህ አይነበብ» ማለት ነው። መልእክቱ ወይ ሳይነበብ ይቀራል ወይ ይፈርሳል። አንዷ ብዙ መቶ መልእክቶችን ልትነካ ትችላለች፣ አንድን መልእክት ደግሞ ብዙዎች ሊረባረቡበት ይችላሉ። የመጀመሪያዋ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ውስጥ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በየላቦራቶሪያቸው ነበር የደረሱበት። ለዓመታት «ይህ የትሏ ጉዳይ ነው» ተብሎ ተትቶ ነበር። በ2000 ሰውን ጨምሮ በብዙ እንስሳት የምትገኝ ሌላ ዓይነት ስትገኝ ነው ዓለም የነቃው። ሁለቱ ሰዎች በ2024 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ከድድ ጋር ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው ሚር-146ኤ የምትባለው ናት። የእሷን ሥራ ለወሎ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ አበጋር ናት። ጠብ ሲነሳ መሐል ገብተው የሚያበርዱትን ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ አይደል? ባክቴሪያው ሲመጣ ሴሉ ውስጥ የብግነቱን ደወል የሚደውል ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ነገሩን ሲያቀጣጥል በዚያው ሚር-146ኤንም ያስነሳታል። እሷም ተመልሳ ደወሉን ከሚያስደውሉት መሐል ሁለቱን፣ አይራክ-1 እና ትራፍ-6 የተባሉትን፣ ዝም ታሰኛቸዋለች። ጠቡ ራሱ ነው ሽማግሌዋን የጠራት። ሚር-155 የምትባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነገር ታባብሳለች።

ይህን ካልያዝን ውጤቱን በተሳሳተ መንገድ ነው የምናነበው። የድድ ሕመምተኞች ድድ ውስጥ ሚር-146ኤ በዝታ ተገኘች ሲባል «አሃ፣ አጥፊዋ እሷ ናት» ለማለት ይዳዳናል። አይደለችም። ሽማግሌ የበዛበት መንደር ጠብ አለበት ማለት ነው እንጂ ሽማግሌዎቹ ጠበኛ ናቸው ማለት አይደለም። ለምርመራ ግን ይህ ራሱ ይበቃል፤ ሽማግሌዎቹን ቆጥረህ የጠቡን ልክ ትገምታለህ። ከብረቱ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ብረቱ የፈረሰውን ቤት ይቆጥራል፣ ይኼኛው አሁን ያለውን ሁካታ ለመስማት ይሞክራል።

የሚያስደስተኝ ሌላው ነገር ጥንካሬያቸው ነው። አርኤንኤ ሲባል የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ ይጨንቀዋል፤ ምራቅ ውስጥ የሚያፈርሱት ኢንዛይሞች ሞልተዋል፣ ትንሽ ከዘገየህ ናሙናህ ገደል ገባ። ማይክሮ አርኤንኤዎች ግን አጭር ከመሆናቸውም በላይ ብዙዎቹ ወይ ሴሎች በሚለቋቸው ኤክሶሶም በሚባሉ ደቃቅ ከረጢቶች ተሸፍነው ወይ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ስለሚወጡ ከረዣዥሞቹ አርኤንኤዎች በተሻለ ይቆያሉ። ምራቅ ውስጥ ይገኛሉ። በድዱና በጥርሱ መካከል ባለው ቀጭን ስንጥቅ የሚወጣው ፈሳሽ ውስጥም ይገኛሉ፤ እሱ በትንሽ ወረቀት ተመጥጦ ይወሰዳል።

አሁን ወደ ጣጣው። እነዚህን ነገሮች በፒሲአር፣ ማለትም ጥቂቷን ሞለኪውል ደጋግሞ እያባዛ በሚለካው ዘዴ፣ መለካት በወሬ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ለፒሲአር የምንጠቀምበት ፕራይመር፣ ማባዛቱን የሚያስጀምረው አጭር ቁራጭ፣ ራሱ ሃያ ፊደል ገደማ ነው፤ የምንፈልጋት ሞለኪውል ደግሞ 22። ፕራይመሩን የት ታሳርፈዋለህ? መጀመሪያ እንደ ቀለበት የታጠፈ ልዩ ፕራይመር ተጠቅመህ ሞለኪውሏን ታስረዝምና ከዚያ ነው የምታበዛት። ይህ መፍትሔ ያገኘ ነገር ነው፤ ብቻ ኪቱ ውድ ነው፣ እጅ ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን ቴርሞሜትር እያየ የሚሳቀቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ደሙ ነው። ቀይ የደም ሴል የራሱ ማይክሮ አርኤንኤዎች አሉት፤ ሚር-451 እና ሚር-16 ሞልተውበታል። የድድ ሕመምተኛ ደግሞ ምን ያደርጋል? ይደማል። ስለዚህ የሕመምተኛውን ምራቅ ከጤነኛው ጋር አወዳድሮ «ልዩነት አገኘሁ» የሚል ሰው፣ ያገኘው ልዩነት ብግነቱ ነው ወይስ ምራቁ ውስጥ የገባው ደም? ደምን ለማየት ከሆነማ ፒሲአር ምን ያደርጋል፣ ዓይን ይበቃል። ይህን ጥያቄ በደንብ ያልመለሰ ጥናት ሳነብ ገጹን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ሌላም አለ። ሚር-146ኤ የድድ ብቻ አይደለችም፤ የመገጣጠሚያ ሪህ ባለባቸው ሰዎች መገጣጠሚያ ውስጥም ትበዛለች። ስለዚህ አንዷን ብቻ ለክቶ መፍረድ አይቻልም፣ ብዙዎችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የትኞቹን? እዚህ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም። አንዱ ያበዛውን ሌላው አሳንሶ ያገኘዋል፤ አንዱ ከምራቅ፣ ሌላው ከድድ ሥጋ፣ ሌላው ከደም ወስዶ ይለካል፤ ብዙዎቹም በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ዋናው ክፍተት ደግሞ አብዛኞቹ የታመመና ያልታመመ ሰው በአንድ ቀን አስቀምጠው ማወዳደራቸው ነው። የታመመውንማ ብረቱም ያውቀዋል! የሚፈለገው ዛሬ ምራቁን ለክቶ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቆ፣ አጥንት ያጣው የትኛው ነው ብሎ ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ቢመጣ ግን ለወሎ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከመቅደላ ወይ ከደላንታ አንዲት እናት ለድድ ምርመራ ብላ ደሴ ድረስ አትመጣም፤ ልትመጣም አትችልም። ምራቋ ግን ይመጣል። የሳንባ ነቀርሳ አክታ ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ጂን ኤክስፐርት ማሽን ወዳለበት ሆስፒታል እንደሚላከው ማለት ነው። መንገዱ ያለ ነገር ነው፤ ቱቦ፣ ወረቀት፣ የበረዶ ሣጥን። ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ያለው ሰው ምራቁን ቢሰጥና «የአንተ ድድ እየነደደ ነው፣ ቶሎ ጥርስህን አሳጥብ» ወይም «አንተ ዘንድሮ ቆይ» ቢባል፣ ያሉን ጥቂት የጥርስ ባለሙያዎች ጊዜያቸውን ለሚያስፈልገው ሰው ያውሉታል። ትልልቅ ከተማ ያለ ሰውማ ሐኪሙ በየስድስት ወሩ ብረቱን ይዞ ያየዋል፤ የምራቅ ምርመራ ለእሱ ትርፍ ነው። ለዚህ ነው ይህ ነገር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚሉት ወዳጆቼ ጋር የማልስማማው።

ሕክምናው ላይ ግን ብዙ ተስፋ አትጣሉ፣ ቢያንስ ለጊዜው። ሐሳቡ ያምራል፤ ሽማግሌዋን ከውጭ አምጥቶ መጨመር ወይም አባባሿን የሚይዝ ሞለኪውል መላክ። አይጥ ጥርስ ዙሪያ ክር ያስሩና ቆሻሻ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ፤ ድዱ ይቆጣል፣ አጥንቱ ይበላል። ከዚያ ሚር-146ኤን አስመስለው የሠሩትን ሲሰጧት የሚበላው አጥንት ቀንሶ ታይቷል። ጥሩ ነው። ግን አይጥ ናት፣ ክሩም ሰው ሠራሽ ነው። ሰው አፍ ውስጥ የምትጨምረው አርኤንኤ ምራቁ ሳይበታትነው ሴል ውስጥ መግባት አለበት፤ ለዚህም በደቃቅ ቅባት ወይ በጄል ወይ በስቴም ሴል ኤክሶሶም ሸፍኖ ለማስገባት እየተሞከረ ነው። ደግሞም አንዷ መቶ መልእክት የምትነካ ከሆነች ያልፈለግኸውን ዘጠና ዘጠኝ ምን ልታደርገው ነው? ጠብ ሁሉ ቢበርድም ጥሩ አይደለም፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ መመታት አለበት።

ከሌላ በሽታ የተገኘው ልምድም ያስጠነቅቃል። ሚር-34ኤን አስመስሎ የተሠራ የካንሰር መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር የመከላከያ ሥርዓቱን ክፉኛ አነሳስቶ ሰው እስከ መሞት ስለደረሰ እ.ኤ.አ. በ2016 ሙከራው ቆመ። ሚር-122ን የሚይዝ ሌላ መድኃኒት ሄፓታይተስ ሲ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር፤ እሱን ደግሞ በሽታውን ጨርሰው የሚያድኑ ክኒኖች መጥተው ቀደሙት። እስካሁን ለየትኛውም በሽታ ገበያ ላይ የዋለ የማይክሮ አርኤንኤ መድኃኒት የለም። ድድ አንድ ጥቅም አለው፤ ኪሱ ውስጥ በቀጥታ የሚቀባ ነገር ስለሆነ መላ ሰውነት ላይ መርጨት አይጠይቅም። ቢሆንም በደንብ መታጠብና ማጽዳት ለሚያሽለው በሽታ ሰው ምን ያህል አደጋ ይቀበላል?

ስለ መታጠብ ካነሳን፣ «እጥበት ጥርስ ያነቃንቃል» የሚለውን ወሬ እባካችሁ ተዉት። የሆነው እንዲህ ነው፤ አጥንቱ ቀድሞ ተበልቷል፣ የደረቀው ቆሻሻ ጥርሶቹን እንደ ስሚንቶ አያይዟቸዋል፣ ድዱም አብጦ ክፍተቱን ሸፍኖታል። ቆሻሻው ሲነሳና እብጠቱ ሲወርድ የነበረው ጉድ ይገለጣል። እጥበቱ አላመጣውም። በመፋቂያ የሚያጸዳ ሰውም መፋቂያውን አይጣል፤ የወይራም ሆነ የሌላ፣ ጫፉ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ ታኝኮ በድዱና በጥርሱ መገናኛ ላይ በቀስታ ከሠራበት ይጠቅማል። ከፊት ለፊት ብቻ ፈግፈግ አድርጎ መጣል ነው የማይጠቅመው።

ክሊኒክ ስትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ። ብዙ ቦታ ሳይለካ ይታጠባል። «ኪሱን ለኩልኝ፣ ቁጥሩንም ጻፉልኝ» በሉ። አክስቴንም ያልኳት ይህንኑ ነው። የአንድ ቀን ቁጥር ያለፈውን ብቻ ነው የሚያወራው ብያለሁ፤ በስድስት ወር ወይ በዓመት ልዩነት የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ግን በሽታው ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን ይናገራሉ። ማይክሮ አርኤንኤ በአንድ ትፍታ ሊነግረን የሚሞክረውን፣ ብረትና ወረቀት ዘግይተውም ቢሆን ይነግሩናል። ወረቀቱን ክሊኒኩ ውስጥ አትተዉት፣ ቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚለካችሁ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።